በጋዜጣ የተጠቀለሉ አሥራ አራት ጠርሙሶች

እኔ ነገር ካልጠየቅሁ ምግብ አይፈጭልኝም። መርሳ ከተማ እያለን እናቴ «ይቺ ልጅ መልአከ ሞትንም ከየት መጣህ ብላ ታዘገየዋለች» ትል ነበር። እንዲህ ያለችውን ሴት እግዜር ወስዶ የት ጣላት? መጠየቅ ክልክል የሆነበት ሥራ ላይ።

ጅቡቲ የመጣሁት ለማለፍ ነበር። እንደ ብዙዎቹ የአገሬ ልጆች በኦቦክ አድርጌ፣ የመንን አቋርጬ ዓረብ አገር ልገባ። ኦቦክ ድረስ ሄጄ ባሕሩን አየሁት። እሱም አየኝ። አልተግባባንም። ወደ ከተማ ተመልሼ ካርቲየ 5 የሚባል ሰፈር እትዬ አበሩ ዘንድ ሥራ ገባሁ፤ በዚያው ሦስት ዓመት ቀረሁ።

እትዬ አበሩ ምግብ ቤት አላቸው። በፊት ለፊት በር ገብቶ፣ ተቀምጦ የሚበላና የሚጠጣ ሰው አለ። በጎን በኩል፣ ጠባቧ መንገድ ላይ ደግሞ አንድ ክንድ የምትሰፋ የብረት መስኮት ነበረች። የእኔ ግዛት ያቺ ናት። ከአሥር ሰዓት እስከ መግሪብ አዛን ድረስ ከፍቼ፣ ገዝቶ ይዞ ለሚሄድ ሰው ቢራና ወይን እሸጣለሁ።

ዕቃው እንዲሁ አይሰጥም። ጠርሙሱ እንዳይንኳኳ በጋዜጣ ይጠቀለላል፣ አንገቱ ላይ በክር ይታሰራል፣ ከዚያ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ይገባል። የቆየ ወረቀት በጅቡቲ ወበቅ ስለሚላላ እኔ የምጠቀልለው በዚያው ሳምንት ጋዜጣ ነበር። ፈረንሳይኛውን ባላነበውም ከላይ ጠርዙ ላይ ያለውን ቀን አነበዋለሁ። እትዬ አበሩ «ሙሽራ ነው እንዴ የምታለብሺው?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አስቀምጠው የነገሩኝ ግን ቀልድ አልነበረበትም።

«ለማን ነው ብለሽ አትጠይቂ። ከመስኮቷ ውጭ ደግሞ ማንንም አታውቂም። ገበያ መሀል ብታገኚው አታውቂውም፤ ባሕር ዳር ብታገኚው አታውቂውም። ሰላም ያልሽው ቀን ስሙን ገደልሽው።»

ይህ የእሳቸው ሕግ ብቻ አይደለም። ለአገሩ ሰው መጠጥ በፌስታል የሚሸጥ ሁሉ ያከብረዋል። ሐሙስ ሐሙስ ሁለት ጠርሙስ የሚወስድ አንድ የትምህርት ቤት ሰው ነበር። በማግስቱ ዓርብ ነጭ በነጭ ለብሶ ከልጆቹ ጋር ሲያልፍ እንደ ግድግዳ አየዋለሁ። እሱም እንደ ግድግዳ ያየኛል። እዚያ ሰፈር ይህ ንቀት አይደለም፤ ሰው ለሰው የሚሰጠው ትልቁ ክብር ነው።

ገለታ ግን ይህን አያውቅም ነበር።

የመጣው ጥቅምት ውስጥ ነው። ረጅም፣ ጠይም፣ በዚያ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ የከባድ መኪና ሾፌር። መስኮቷ ፊት ቆሞ አፉ ተያያዘ።

«ምን ልስጥህ?» አልኩት።

«አንድ።»

«አንድ ምን?»

ከኋላዬ ያለውን መደርደሪያ ከላይ እስከ ታች አየው። «ያቺን» አለ አረንጓዴዋን ቢራ በጣቱ እያሳየ። ጠቅልዬ ሰጠሁት። በሁለት እጁ ተቀበለኝና «ጌታ ይባርክሽ» ብሎኝ ሄደ።

በቆምኩበት ቀረሁ። ቢራ ገዝቶ ጌታ ይባርክሽ የሚል ምን ዓይነት ሰው ነው? ጴንጤ ነው እንዳልል፣ ጴንጤ ቢራ ምን ያደርግለታል? አይደለም እንዳልል፣ ጠጪ ሰው የሚወደውን ቢራ በጣት አያሳይም፤ በስሙ ይጠራዋል።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። አሁንም አንድ፣ አሁንም አረንጓዴዋን። ከዚያም እንዲሁ ቀጠለ። ከአዲስ አበባ ጭኖ ሲወርድ ይመጣል፤ ፒኬ 12 የመኪና ማቆሚያ ተራ ሲጠብቅ ከሰነበተ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይመጣል። አጠገቡ ስጠጋ የሚሸተኝ ናፍጣና ሳሙና ነው እንጂ መጠጥ ሸቶኝ አያውቅም። ዓይኑ እንደ ወተት ነጭ ነው። ታዲያ ማን ነው የሚጠጣለት?

ሌሊት ሌሊት ሳይሆን ቀን ቀን፣ ጠርሙስ እየጠቀለልኩ ሳስብ እውል ጀመር። አለቃው ይሆን? የታመመ አባት ይኖረው ይሆን? ወይስ ሴት አለችው፣ የምትጠጣ? ይቺ የመጨረሻዋ ስትመጣብኝ ክሩን ጠበቅ አድርጌ አስራለሁ።

መጠየቅ ስለማልችል ሌላ ሌላውን እጠይቀዋለሁ።

«ከየት ነህ?»

«ከነቀምት። አንቺስ?»

«መርሳ። ወሎ።»

«በመርሳ አልፌ አላውቅም።»

«መንገዱ እኮ ወደዚህ አያመጣም።»

«ሾፌር የማያልፍበት መንገድ የለም፤ አንድ ቀን አልፋለሁ» አለኝ። የመስኮቷ ደፍ ብረት ነው፤ የአሥር ሰዓት ፀሐይ አቃጥሎታል። እጁን እዚያ ላይ አሳርፎ ቆየ። እንደሚያቃጥለው አውቃለሁ። አላነሳውም፤ እኔም አንሳ አላልኩትም።

እየቆየ ሰፋ አድርጎ ያወራኝ ጀመር። ድንበሩ ላይ ያለውን የገላፊን አቧራ፣ ሚሌ ላይ የሚጠብቀውን ወረፋ፣ መኪናው የሰው መሆኑንና ባለቤቱ አንድ ጥፋት ካገኘበት ቁልፉን እንደሚነጥቀው ነገረኝ። አነጋገሩ ቀስ ያለ ነው። ከኋላው ሌላ ደንበኛ ሲመጣ ደንግጦ «ጌታ ይባርክሽ» ብሎ ይሄዳል። ምን ልበላችሁ፣ ከሄደ ጀምሮ አሥራ ሁለቱን ቀን መቁጠር ጀምሬ ነበር። ወደድኩት ማለት ነው፤ ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

በዚያው ሰሞን ነው ከተማው በእኔ መስኮት ላይ መከራከር የጀመረው።

በእኔ ብቻ ማለቴ አይደለም። ገዝቶ ይዞ መሄድ ይከልከል፣ የሚጠጣ ሰው መጠጥ ቤት ገብቶ ይጠጣ የሚል ሐሳብ መጣ። ራዲዮኑ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛና በፈረንሳይኛ የሚያወራው ይህንኑ ሆነ። ታክሲ ውስጥ ክርክር፣ ጫት ተራ ክርክር። እኔም ደስ አለኝ፤ መጠየቅ የሚቻልበት ጊዜ መጣልኛ።

መጀመሪያ የጠየቅኳት ከመስኮቷ ማዶ ሳምቡሳ የምትሸጠውን መሪማን ነው። የአገሩ ሰው ናት፣ እንደ ታላቅ እህቴ የማያት።

«ይዘጋ» አለችኝ ዘይቱን እያማሰለች። «አትቀየሚኝ አባዮ፣ እህቴ። ባሌ መጠጥ ቤት ቢጠጣ ሰው ያየዋል፣ ያፍራል፣ ሁለት ጠጥቶ ይወጣል። በፌስታል ሲያመጣው ግን ቤቴ ይገባል። ልጆቼ ከጋዜጣው ውስጥ ምን እንዳለ ያውቃሉ።»

ጋዜጣውን የምጠቀልለው እኔ ነኝ።

እትዬ አበሩን ስጠይቃቸው ደግሞ «ዝጉት ይበሉ» አሉ። «ያኔ ጓሮ ለጓሮ ይሸጣል፣ ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ። የእኔ እንኳ ክዳኑ ያልተነካ ነው።» ይህም እውነት ነው። ሁለት እውነት ባንድ መንገድ ሲገናኝ ማን ለማን እንደሚያሳልፍ እስካሁን አላወቅሁም።

መጋቢት ላይ በሰፈሩ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ነጋዴ ሁሉ ይምጣ ስለተባለ በአሥር ሰዓት መስኮቷን ሳልከፍት ከእትዬ አበሩ ጋር ሄድኩ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ችግሩን የሚያመጡት የኢትዮጵያ ሾፌሮች ናቸው፣ በየመኪናቸው ጭነው የሚቸረችሩት እነሱ ናቸው ብለው ይናገሩ ነበር።

ልክ በዚህ ሰዓት ገለታ በር ላይ ታየ።

መስኮቷን ተዘግታ ሲያገኛት የት ሄዱ ብሎ ጠይቆ መምጣቱ ነው። ዓይኑ ሲፈልግ፣ ሲፈልግ አገኘኝ። ፊቱ በራና እጁን ከፍ አድርጎ ሰላም አለኝ። ያን ሁሉ ሕዝብ አሻግሮ።

ሰው ሁሉ ዞረ። ሽማግሌው ጣታቸውን ቀሰሩ። «ይሄ ሾፌር ደንበኛሽ ነው?»

ልቤ ከረጢት ውስጥ እንደገባ ዶሮ ተንፈራገጠ። ሦስት ዓመት የተማርኩት ነገር ግን አልጠፋብኝም። «አላውቀውም» አልኩ በሶማሊኛ። እሱም እንዲሰማልኝ፣ እንዳዳንኩት እንዲያውቅልኝ ብዬ በአማርኛ ደገምኩት። «ይህን ሰው አላውቀውም።»

እጁ አየር ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ አወረደውና ወጣ።

እኔ ጅሏ ደስ ብሎኝ ነበር። ክብሩን ጠበቅኩለት ብዬ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አልመጣም። በሃያ አራተኛውም አልመጣም። አረንጓዴዋን ጠርሙስ አንድ ሁለቴ ጠቅልዬ አስቀምጬ ፈታኋት። መሪማ ከማዶ እያየችኝ «ማን ሞቶብሽ ነው?» አለችኝ። «ማንም» አልኳት።

ሚያዝያ ሲገባ አንድ መመሪያ ወጣ። ሙሉ በሙሉ መከልከሉ ገና እየተመከረበት ስለሆነ፣ እስከዚያ ድረስ ለአንድ ሰው አንድ ጠርሙስ ብቻ እንዲሸጥ። ከዚያ ቀን ወዲህ ገዝቶ ከስድስት በላይ ይዞ የተገኘ ፈቃድ እንደሌለው ነጋዴ ይቆጠራል፤ መኪናውም ይያዛል። እትዬ አበሩ ወረቀቱን መስኮቷ ላይ ለጠፉት።

ከሳምንት በኋላ አለምሰገድ መጣ። እሱም የዚያው መስመር ሾፌር ነው፤ ጎልማሳ፣ ነገር የሚወድ፣ ስንተዋወቅ የቆየን ሰው። ያን ቀን ግን ምንም አልገዛም።

«ገለታ ተይዟል» አለኝ። «ፒኬ 12 መውጫው ላይ ፈተሹት። ጋቢናው ውስጥ ከአልጋው ሥር አሥራ አራት ጠርሙስ ቢራ ተገኘ።»

«አሥራ አራት?»

«ሁሉም በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ በክር የታሰረ። ክዳኑ ያልተነካ። ከማን ገዛህ ቢሉት አይናገርም። ሻጯን ታውቃታለህ ቢሉት አላውቃትም አለ። ነገ ጠዋት መኪናው ተወርሶ እሱ ዳግመኛ በዚህ መስመር እንዳይነዳ ይጻፍበታል።»

እጄ ደፉ ላይ ነበር፤ ብረቱ ሲያቃጥለኝ አልታወቀኝም።

«ለምን አልተናገረም?»

አለምሰገድ አየኝ። «ከስብሰባው በኋላ ‹በሰው ፊት ካደችኝ፤ በሾፌርነቴ አፍራ ነው› ብሎ እህል አልቀምስ አለ። ሞኝ፣ አልኩት፣ እዚህ አገር መጠጥ ሻጭ አላውቀውም ካለችህ አከበረችህ ማለት ነው። በመስኮት የገዛውን ሰው በአደባባይ ማወቅ ነውር ነው፤ ለእሱም ለእሷም። ይህን ስነግረው ገባው። ሊመጣ ነበር እኮ፤ ወዳንቺ ሲመጣ ነው የተያዘው። ያስተማርኩትን ሕግ ይኸው ላንቺ ጠበቀልሽ።»

ገብቼ ለእትዬ አበሩ ነገርኳቸው። እየሰሙኝ ሽንኩርት መክተፋቸውን አላቆሙም።

«ብትሄጂ ምን ልትዪ ነው?»

«የሸጥኩለት እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ ልል።»

ቢላዋውን አስቀመጡ። «ተናኘወርቅ፣ ስሚኝ። ሻጯ ደንበኛዋን ፖሊስ ፊት አወቀች የተባለ ዕለት በዚያች መስኮት ማንም አይመጣም። ዛሬ ሾፌሩን ያወቀች ነገ እኔን ታውቀኛለች ይላሉ። የመኖሪያ ወረቀትሽም በእኔ ስም ነው የቆመው። መስኮቷን ዘግተሽ ከሄድሽ ተመልሰሽ ልትገቢ አትችዪም።»

«አውቃለሁ እትዬ።»

«አንድ ሾፌር ነው።»

«እሱንም አውቃለሁ» አልኩና በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ነጠላዬን ተከናንቤ ወጣሁ።

ማለዳ ፒኬ 12 የፍተሻ ጣቢያው ደረስኩ። ጠረጴዛው ላይ አሥራ አራቱ ጠርሙሶች ቆመዋል። የእኔ አጠቃለል፣ የእኔ ክር። የአንዳቸውም ቋጠሮ አልተፈታም። ገለታ ጥግ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ ሸሚዙ አሁንም እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ሲያየኝ ራሱን በቀስታ ነቀነቀ፤ ሂጂ ማለቱ ነበር።

ኃላፊዋ ሂንድ የምትባል፣ መነጽር ያደረገች ቆፍጣና ሴት ናት። በሶማሊኛ ጠየቀችኝ። «ይህን ሰው ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ» አልኩ በሶማሊኛ። ከዚያ ወደ እሱ ዞሬ በአማርኛ ደገምኩት። «አውቀዋለሁ። ገለታ ይባላል። ከነቀምት ነው።»

አንገቱን ደፋ። ጆሮው ሲቀላ አየሁት።

«ነጋዴ አይደለም» አልኳት ሂንድን። «አንድ አንድ እያለ ከእኔ ነው የገዛው። ጋዜጣዎቹን እይያቸው። የምጠቀልለው በዚያው ሳምንት ጋዜጣ ነው፤ ቀኑ ጠርዙ ላይ አለ።»

ሂንድ አንዱን አዙራ አየችው። ከዚያ ሌላውን። ነገሩ ስቧት መሰለኝ፣ ወንበሯን ጠጋ አድርጋ ሁሉንም በየቀናቸው ትደረድራቸው ጀመር፤ ከጥቅምት ተነስታ፣ ገናን አልፋ፣ መጋቢት ላይ ስትደርስ አለቁ። የመጨረሻው ከስብሰባው አሥር ቀን በፊት ያለ ነው። መመሪያውን አውጥታ ቀኑን አየች።

«ከመመሪያው በኋላ የተገዛ አንድም የለም» አለች። ቀና ብላ ደግሞ ጠርሙሶቹን አየቻቸው። «ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ስድስት ወር ሙሉ ገዝቶ አንዱንም አልከፈተም፣ አልሸጠም። ለማን ነው የገዛው? ጠይቂልኝ፤ የእኔን ቋንቋ አይሰማም።»

እንግዲህ ተመልከቱ። ስድስት ወር ጉሮሮዬ ላይ የቆመውን ጥያቄ በመንግሥት ትእዛዝ ጠይቂ ተባልኩ።

«ገለታ» አልኩት። «ለማን ነው የገዛኸው ትልሃለች።»

ጣሪያው ላይ የሚሽከረከረው ቬንትሌተር ይሰማል።

«ለማንም» አለ። «መስኮቷ ሌላ ነገር አትሸጥም።»

ሂንድ ጠበቀችኝ። «ምን አለ?»

መተርጎም አቃተኝ። እሱ ግን ቀጠለ፤ መሬት መሬት እያየ። «መጀመሪያ ቀን አድራሻ ልጠይቅሽ ነበር የመጣሁት፤ ሳይሽ ጠፋኝ። ባዶ እጄን ደግሞ መስኮት ላይ መቆም አይሆንም። ለሰው ልስጠው ብል ሰው ማስከር ነው። ልድፋው ብል አንቺ የጠቀለልሽው ነው። አስቀመጥኩት።»

«ምን አለ?» አለች ሂንድ እንደገና።

ቃል በቃል ነገርኳት። በር ላይ የቆመው ፖሊስ ሳይቀር ዞሮ አየን። ሂንድ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው፤ ምንም የቆሸሸ ነገር አልነበረውም።

«ቁልፉን ስጡት» አለች። «ጠርሙሶቹን ግን ከዚህ አላስወጣም።»

ተረጎምኩለት። ገለታ አሰበና «ወረቀቱን ብቻ ልውሰድ በያት» አለኝ። ፈቀደችለት። አሥራ አራቱን ቋጠሮ አንድ በአንድ በጣቱ ፈታ፤ ጋዜጣዎቹን አጣጥፎ ብብቱ ውስጥ ከተተ።

ደጅ ስንወጣ ፀሐዩ ከፍ ብሏል። «ሥራሽስ?» አለኝ።

«የለኝም።»

«በእኔ የተነሳ።»

«በእኔ የተነሳ። እኔ ነኝ ያወቅሁህ» አልኩት። ያን ጊዜ ነው በመካከላችን ደፍም ብረትም ሳይኖር ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርብ ያየኝ። ሁለታችንም ለመሄድ አልተነሳንም።

እትዬ አበሩ እንዳሉት ሆነ፤ መስኮቷ ጭር አለች። ደግነቱ ብዙም አልቆየችም። ሰኔ ላይ መከልከሉ ጸደቀና በበያጅ ተበየደች። ሻንጣዬን ላወጣ ስሄድ እትዬ አበሩ «ወረቀትሽን እስክታገቢ አላሰርዘውም» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። መሪማ ሳምቡሳ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ባሏን ጠየቅኳት። «ይጠጣል» አለች። «ግን አሁን ሰው ያየዋል።» ሁለት በቃው ወይ አልኳት። «እኔ እንጃ» አለችኝ፤ ሁለታችንም መልሱን ገና እየጠበቅን ነው።

የተጋባነው በመስከረም ነው። ሃይማኖቱን እሱ እንደያዘ፣ የእኔንም እኔ እንደያዝኩ።

ከሠርጋችን ወዲህ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዓሣ ልንገዛ ገበያ ወጣን። መስኮቷ ከተዘጋች በኋላ አንድ ያላሰብኩት ነገር እየሆነ ነበር፤ ሦስት ዓመት እንደ ግድግዳ ያዩኝ ሰዎች ጎንበስ እያሉ ሰላም ይሉኛል። ሻጭ አይደለሁማ፤ የሚፈሩት የለም። ያ የሐሙሱ የትምህርት ቤት ሰውም በዓሣ ተራው መሀል ከልጆቹ ጋር መጣ። ቆመ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እንዴት ነሽ እህቴ?» አለኝ በተሰባበረ አማርኛ። እኔም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ሰላም አልኩት። ልጆቹን ይዞ አለፈ።

ገለታ እያየው ቆየ። ለካ የእኔ በሽታ ተጋብቶበታል።

«ማን ናቸው? ታውቂያቸዋለሽ?»

«አላውቃቸውም» አልኩት።

ይህችን ቃል ከአፌ ሲሰማት ሁለተኛው ነው። በዚህኛው ሳቀ፤ እጄንም በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ያዘኝ።